መዶሻ የማይቆጥረው

አክሱም ላይ ተሰባብሮ የተጋደመው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ገደማ ክብደት ያለው አንድ ወጥ ድንጋይ ነበር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ፈልጠው፣ ጎትተውና ጠርበው ያዘጋጁት ሰዎች በሩንና መስኮቱን፣ የፎቁን ደረጃና የወጋግራውን ጫፍ ሳይቀር ቀርጸውበታል። ለመቀበር የተተወለት ግርጌ ግን ከቁመቱ ጋር ሲተያይ በጣም አጭር ነው፤ 3 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ብዙ የሥነ ቁፋሮ ሊቃውንት ሐውልቱ አንድም ቀን ቀጥ ብሎ እንዳልቆመ፣ ገና ሲተከል እንደወደቀ ያምናሉ። የወደቀውም ነፋስ መውጫ በሚባለው መቃብር ላይ ነው፤ የዚያ መቃብር ክዳን ራሱ ከ300 ቶን በላይ የሚመዝን ድንጋይ ነው።

ስለ አክሱም ጠራቢዎች እጅ ብዙ ተጽፏል። እኔ የምከተለው ከድንጋዩ ሥር ያለውን ነገር ነው፤ መሬቱ የሚጫንበትን ይችል እንደሆነ ሰው ቀድሞ የጠየቀበትን መንገድ። ጥያቄው ከአክሱም ተነሥቶ በጋይንት በኩል አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ መዶሻና ቁጥር ይዞ ወደ አገራችን የተመለሰ ነው።

ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም አለች። ድጓ የተማረ ሰው ሁሉ ስሟን ያውቃል፤ ከየአገሩ የመጣ ደቀ መዝሙር ድጓውን የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያኗን ከውጭ ያየ ሰው እንደ ሌሎቹ የደጋ አድባራት ክብ፣ የሣር ክዳን ያላት መስላ ትታየዋለች። በክቡ ውስጥ ግን ሌላ ሕንጻ አለ። ማዕዘኖቹ የተጠበቁ፣ ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ፣ በድንጋይ ረድፎች መካከል እንጨት የተጋደመበት፣ የእንጨቶቹም ጫፍ ከግድግዳው ላይ ወጣ ወጣ ያለ፤ በአክሱም ሐውልቶች ላይ የተቀረጸው ያው የአሠራር ስልት ነው። የመካከለኛው ዘመን ሥራ ነው፤ ክቡ የሣር ክዳን ከኋላ ዘመን የመጣ ልብስ ነው።

በግድግዳው ውስጥ የተጋደመው እንጨት ለውበት ብቻ የገባ አልነበረም። ከጥርብና ካልተጠረበ ድንጋይ የተሠራ ግድግዳ ከሥሩ አንድ ጎኑ ትንሽ ቢወርድ ይሰነጠቃል። በየረድፉ ዙሪያውን የታሰረ እንጨት ግን ጭነቱን ወደ ጎን ያካፍላል፣ ግድግዳውንም አንድ ላይ ይይዘዋል። ዛሬ መሐንዲሶች ግሬድ ቢም በሚሉት ከብረትና ከኮንክሪት የተሠራ ማሰሪያ የሚያደርጉትን፣ የጥንቱ ግንበኛ በወይራና በጥድ ዓይነት እንጨት ያደርገው ነበር። መሬቱ እንደማይታመን የሚያውቅ ሰው ብቻ እንዲህ ያለ ግድግዳ ያስባል።

ቦታ መምረጥም የዚያ ዕውቀት ክፍል ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ነው። ከበላዩ ደግሞ ጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ እርሱም ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ የመጣ ሌላ እሳተ ገሞራ ነው። ይህ ድንጋይ ሲበሰብስ በተዳፋቱና በጉብታው ላይ ጠጠር የበዛበት ቀይና ቡናማ አፈር ይሆናል። ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ደግሞ ዋልካ ይሆናል፤ ሸዋ መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ እግር ይይዛል። በበጋ ይኮማተርና ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁ ከአንድ ሜትር በላይ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ገበሬው ዋልካውን አርሶ ጤፍና ሽምብራ ያበቅልበታል፤ ጎጆውን የሚቀልሰው ግን ከፍ ካለው ጠጠራማ መሬት ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም ከጉብታው ላይ ይተከላል። ይህን ሲያደርግ ያስተማረው መጽሐፍ የለም፤ አያቱ ያየውን ስንጥቅ ያስታውሳል፣ ይበቃዋል።

መሬቱን በትልቅ ሸክም የፈተነ ሰው በዚህ ደጋ የታየው በ1860 ዓ.ም. ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተው ነበር። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። መስከረም ሲያልቅ፣ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ መጠጠር ሲጀምር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉ በሠረገላ ተጭኖ በብዙ መቶ ሰው ጉልበት እየተሳበ በጋይንት ደጋ አልፎ፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ ወጣ፤ ከዚያ የጅዳን ገደል ወርዶ ወጣ፤ ደላንታን አቋርጦ በሽሎን ተሻገረ። መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። በቅሎ በጥቂት ቀናት የሚጨርሰው መንገድ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ።

ስለዚህ ጉዞ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው የንጉሡ እልህ ነው። እኔ የምደነቅበት መንገዱ ነው። ለሰውና ለእንስሳ የተበጀ የእግር መንገድ 7 ቶን አይሸከምም። ስለዚህ መድፉ ከመንቀሳቀሱ በፊት ከፊቱ ያለው መሬት ሁሉ መታየት ነበረበት፦ ሠረገላ የሚሰምጥበት ቦታ በድንጋይ ይሞላል፣ አለት ያለበት በባሩድ ይፈነዳል፣ ገደሉ ላይ ጎኑ ተቆርጦ ጠርዙ በድንጋይ ይካባል። ቴዎድሮስ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ መሬት እየቆፈሩ ከሠራተኛው ጋር ይውሉ እንደነበር በዚያ የነበሩ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። ዳገቱን የሠሩት ለመድፉ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት የጅዳን ገደል የተሻገረው በዚያው የንጉሡ መንገድ ነው። የእንግሊዝ መሐንዲሶችም ሥራውን አድንቀዋል። ሚያዝያ ላይ ንጉሡ ሞቱ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

ቴዎድሮስ መሬቱን የፈተኑት እዚያው ላይ፣ ሸክሙ ከኋላ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ሸክሙ ከመምጣቱ በፊት፣ ከሰው ዓይን በታች ያለውን አፈር በመሣሪያ የመጠየቅ ነገር የተጀመረው ከ35 ዓመት በኋላ በሌላ አህጉር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1902 ቻርልስ ጋው የተባለ አሜሪካዊ የመሠረት ሥራ ተቋራጭ ቦስተን ከተማ ውስጥ ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ ከምድር በታች ያለውን ለማወቅ ቧንቧ ውስጥ ውኃ በኃይል እየለቀቁ መቆፈር፣ ከዚያም ተመልሶ የሚወጣውን ድፍርስ ውኃ ማየት የተለመደ ነበር። ድፍርሱ ግን አሸዋውንም ጭቃውንም ቀላቅሎ ስለሚያወጣ የትኛው ከየት እንደመጣ አይለይም። ጋው ከጉድጓዱ ግርጌ ላይ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚሰፋ ክፍት ቧንቧ አስቀምጦ በ50 ኪሎ መዶሻ እየመታ ወደ አፈሩ ሰደደው። ሲያወጣው በቧንቧው ውስጥ እንዳለ ያልታጠበ አፈር አገኘ። ፍለጋው ናሙና ነበር፤ የምቱ ብዛት በጎን የመጣ ወሬ ነው። ነገር ግን መዶሻ የያዘ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ልል አፈር ቶሎ ይበሳል፣ ጥብቅ አፈር ያስቸግራል። ቆፋሪዎቹ መቁጠር ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ በ1920ዎቹ መጨረሻ ሬይመንድ የተባለው የፓይል ኩባንያ ሰዎች ናሙና መያዣውን ለሁለት የሚከፈል፣ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ አደረጉት። የመዶሻው ክብደት 63.5 ኪሎ፣ የሚወድቅበት ከፍታ 76 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ረጋ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ሕንጻ ሥር የሚሰማው ያ የብረት ድምፅ በእነዚሁ ቁጥሮች የሚሠራ ነው። መያዣው 45 ሳንቲ ሜትር እስኪገባ ይመታል፤ የመጀመሪያው 15 ሳንቲ ሜትር በቁፋሮው ስለተነካካ ይተዋል፤ ለሚቀጥሉት 30 ሳንቲ ሜትር የተመታው ምት ተደምሮ ይጻፋል። መሐንዲሶች «ኤን» የሚሉት ቁጥር ይኸው ነው።

በዚያው ዘመን በሰሜን አውሮፓ ጥያቄው የተነሣው በሐዘን ነበር። የስዊድን የባቡር ሐዲዶች ለስላሳ ጭቃ ላይ የተዘረጉ ስለነበሩ መሬት ይንሸራተትባቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ዬቶ በተባለ ቦታ መደቡ ተንሸራትቶ ባቡር ወደቀ፤ ቢያንስ 42 ሰዎች ሞቱ። መንግሥት ከዚህ አደጋ በፊት ጀምሮ፣ ከ1914 እስከ 1922፣ አንድ ኮሚሽን አቋቁሞ የአገሪቱን የባቡር መስመር አፈር አስመረመረ። መርማሪዎቹ የያዙት መሣሪያ ጫፉ የተጠማዘዘ ረጅም ብረት ነበር። እስከ 100 ኪሎ ክብደት ይጭኑበትና በራሱ ምን ያህል እንደሚሰምጥ ያያሉ፤ ሲቆም ያዞሩትና ዙሩን ይቆጥራሉ። ሆላንዶችም በ1932 ባረንትሰን በተባለ መሐንዲስ እጅ 10 ሳንቲ ሜትር ካሬ ስፋት ያለው ሾጣጣ ጫፍ በመዶሻ ሳይሆን በቀስታ እየገፉ ወደ ለስላሳው መሬታቸው መስደድ ጀመሩ። እያንዳንዱ አገር መሬቱ ያስቸገረውን ያህል መሣሪያ አበጀ። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የቦስተን አሸዋ፣ የስዊድን ጭቃና የሆላንድ ረግረግ አንዳቸውም እንደ ዋልካ አይደሉም።

ለእነዚህ ሁሉ ትምህርታዊ መሠረት የሰጠው ካርል ተርዛጊ ነው። ፕራግ ተወልዶ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኢስታንቡል ሄዶ ሲያስተምር፣ ባገኘው ዕቃ ሁሉ መሣሪያ እያበጀ የጭቃን ጠባይ አጠና። በ1925 ቪየና ላይ ያሳተመው መጽሐፍ የአፈር መካኒክስ የሚባለውን ዕውቀት ወለደ። የምት ቆጠራውን «ስታንዳርድ ፔኔትሬሽን ቴስት» ብሎ በ1947 የጠራውም እርሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከራልፍ ፔክ ጋር ባወጣው መጽሐፍ ቁጥሩን ወደ ፍርድ የሚለውጥ ሠንጠረዥ ወጣ፦ አሸዋ ከ4 ምት በታች ከሆነ በጣም ልል፣ ከ50 በላይ ከሆነ በጣም ጥብቅ፤ ሸክላማ አፈር ከ2 በታች ከሆነ በጣም ለስላሳ፣ ከ30 በላይ ከሆነ ደረቅ ጠንካራ። በ1958 ኤኤስቲኤም የተባለው የአሜሪካ የደረጃ ማኅበር አሠራሩን በደረጃ መልክ አወጣው፤ ከዚያ ወዲህ ዓለምን ዞረ። ሠንጠረዡ ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ያዘው። ተርዛጊ ግን መሐንዲስ ከመዝገብ ላይ ቁጥር አንሥቶ እንዲሄድ አልፈለገም፤ የእርሱ ትምህርት የሠራኸውን እየተመለከትክ አስተካክል የሚል ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ድንኳንና ጎጆ ነበረች፤ ኋላ የድንጋይና የጭቃ ቤት መጣ። ሸክሙ ቀላል ነበር፣ መሬቱም ብዙ አልተጠየቀም። ነገሩ የተለወጠው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1952 የምሕንድስና ኮሌጅ ተከፈተ። በ1954 ደግሞ ከስዊድን መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት የኢትዮ ስዊድን የሕንጻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ብዙ ሰው ሕንጻ ኮሌጅ የሚለው፣ ሥራ ጀመረ። ይህ ቤት መሐንዲስ ከማስተማሩ በላይ የግንባታ ዕቃ መፈተሻም ነበረው። ባቡር ገልብጦ ሰው ከፈጀባቸው ጭቃ የተማሩ ሰዎች ልጆች፣ ልደታ ላይ የኢትዮጵያን ወጣቶች ስለ መሠረት ያስተምሩ ጀመር።

በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1955፣ ቶማስ ፓከናም የተባለ ከኦክስፎርድ ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት በበቅሎ ጋይንት ደርሶ በቤተ ልሔም የሣር ክዳን ሥር ያለውን የጥንት ሕንጻ አየ፤ በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍም ለውጭው ዓለም አሳወቀ። ለአገሩ ካህናትና ለድጓ ተማሪዎች ግን አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ አፈር መመርመር በተጀመረበት ሰዓት፣ አፈሩን ሳይስት ቦታው የተመረጠለት አንድ ሕንጻ ጋይንት ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆሞ ነበር። ሁለቱ ዕውቀቶች ያኔ አልተገናኙም። እኔ እንደማየው እስከ ዛሬም በደንብ አልተገናኙም።

ወደ ጋይንት ዘመናዊ የአፈር ምርመራ የገባው በመንገድ በኩል ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1964 ዓ.ም. ቻይናን ጎበኙ፤ ከዚያ በተከተለው የሁለቱ አገሮች ትብብር ቻይኖች ከወረታ ተነሥተው በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ወልድያ የሚደርሰውን መንገድ ሠሩ። ሥራው የተከናወነው በአብዛኛው በደርግ ዘመን ነው። ቴዎድሮስ መድፍ የጎተቱበት ደጋ የጭነት መኪና መንገድ ሆነ። አክሱም ላይ ሐውልቱ የወደቀበት መቃብር የሚጠራበትን ስም የያዘችው የላይ ጋይንቷ ከተማም በመኪና ተራ ታወቀች።

የመንገድ ሰዎች አፈርን የሚጠይቁበት ዘዴ ከሕንጻ ሰዎች የተለየ ነው። ሲቢአር ይሉታል፤ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተፈጠረ ነው። አፈሩ በቅርጽ ውስጥ ተደልድሎ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ዘንግ ይገፋበታል፤ 2.5 ሚሊ ሜትር ለመግባት የጠየቀው ኃይል ከተፈጨ ድንጋይ ጋር ይወዳደራል። ከመገፋቱ በፊት ግን አፈሩ 4 ቀን ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ ምን ያህል እንዳበጠም ይለካል። መንገድ ሠሪው ክረምቱን አስቀድሞ ወደ ላቦራቶሪው ያስገባዋል ማለት ነው። የሕንጻው መዶሻ እንዲህ አያደርግም፤ መሬቱን ባገኘበት ቀንና ባገኘበት ርጥበት ይመታዋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ የነገሩ እምብርት ነውና። የካቲት ላይ አንድ የቁፋሮ ሪግ ዋልካ ላይ ቆሞ ይመታል እንበል። አፈሩ ደርቋል፣ ተኮማትሯል፣ እንደ ሸክላ ጠንክሯል። ምቱ ይበዛል፤ ሠንጠረዡ ላይ «በጣም ጠንካራ» የሚለው ረድፍ ላይ ይወድቃል። ያው ጉድጓድ ነሐሴ ላይ ቢመታ ቁጥሩ ወርዶ ይገኛል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። ሕንጻውን የሚሰነጥቀው ግን አንዱም ቁጥር አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ አፈሩ የሚያደርገው ማበጥና መሸሽ ነው። ይህን ምት አይቆጥረውም።

ሁለተኛው ወጥመድ በተዳፋቱ ላይ ነው። የበሰበሰ ጥቁር ድንጋይ ሁሉ እኩል አይበሰብስም፤ በለስላሳው አፈር መካከል ያልበሰበሰ ትልልቅ ድንጋይ ተቀብሮ ይቀራል። የናሙና መያዣው እዚያ ላይ ሲያርፍ 50 ምት ተመትቶ 15 ሳንቲ ሜትር አይገባም። ቆፋሪው «ሪፊውዛል» ብሎ ይጽፋል፤ አለት ተገኘ ይባላል። ከዚያ ድንጋይ ሥር ግን ሌላ 3 ሜትር ልል አፈር ሊኖር ይችላል። ሁነኛ ቆፋሪ ድንጋዩን በኮር ቆርጦ አልፎ ከሥሩ ያለውን ያያል፤ የቸኮለ ግን ሪጉን ነቅሎ ይሄዳል። መዶሻውም ራሱ ይለያያል። በገመድና በሚሽከረከር ከበሮ የሚነሣ መዶሻ ገመዱ አንድ ዙር ተጠምጥሞ ወይም ሦስት ዙር ተጠምጥሞ ሲለቀቅ የሚያርፍበት ኃይል አንድ አይደለም። ለዚህ ነው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቁጥሩ ወደ 60 በመቶ ኃይል ተመልሶ እንዲታረም የተደረገው። ሪፖርት ሲቀርብ የመዶሻውን ዓይነት የሚጠይቅ የሕንጻ ባለቤት ግን ብርቅ ነው፤ መጠየቅ መብቱ ነው።

በ1987 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የራሷን የሕንጻ ደንብ አወጣች። 7ኛው ክፍል ስለ መሠረት፣ 8ኛው ስለ ምድር መንቀጥቀጥ ነበር። በሚቀጥሉት ዓመታት ከተሞች ወደ ላይ ማደግ ሲጀምሩ የአፈር ምርመራ ሥራም አብሮ አደገ። ሪግ ያላቸው ድርጅቶች ተቋቋሙ፤ «ቦርሆል»፣ «ሳምፕል»፣ «ኤስፒቲ» የሚሉ ቃላት ከሳይት ወደ ሰፈር ወጡ።

ደንቡ ከወጣ 10 ዓመት በኋላ አክሱም ተመልሳ መጣች። ሮም የነበረው ሐውልት በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን ተጭኖ ገባ። ርዝመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ ከ150 ቶን በላይ ነው። ዩኔስኮ ሥራውን ሲመራ፣ ዲዛይኑን የያዘው ጆርጆ ክሮቺ የተባለው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበር። ሐውልቱን ለመትከል ማንም አልቸኮለም። አስቀድሞ በጂኦፊዚክስ መሣሪያ ከሥሩ ያለው ታየ፤ ያልታወቁ መቃብሮችና ክፍሎች በአካባቢው ከምድር በታች እንዳሉ ተገለጠ። አጠገቡ ቆሞ ዘመም ያለው ሌላው ሐውልትም በሥራው ንዝረት እንዳይጎዳ በገመድ ተያዘ። ተከላው ተጠናቅቆ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ተመረቀ። ትልቁ ወንድሙ ከወደቀ ከ1,600 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በዚያው ሜዳ ላይ መሬቱ ቀድሞ ተጠይቆ ድንጋይ ቆመ።

በሚቀጥለው ዓመት የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወጣ። አዋጁ ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ። ምድብ ሀ ባለ አንድ ወለሉ ቀላል ቤት ነበር፤ ምድብ ለ ከዚያ የሚበልጠው፤ ምድብ ሐ ደግሞ የሕዝብ መገልገያና ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመው። የሚጠየቀው ነገር ከምድብ ወደ ምድብ እየከበደ እንዲሄድም ተደረገ። ይህ ለሰው ሕይወት ከማሰብ የመጣ ስለሆነ አልነቅፈውም። በተግባር ግን የአፈር ምርመራ የፎቅ ቤት ነገር ነው የሚል አስተሳሰብ በግንበኛውም በባለቤቱም ዘንድ ሥር ሰድዷል። በዋልካ አገር ይህ የተገለበጠ ነው። ከባድ ሕንጻ በክብደቱ የአፈሩን እብጠት ይጫነዋል፤ መሠረቱም ጠልቆ ስለሚወርድ የሚያብጠውን ንብርብር ያልፈዋል። በክረምት ከፍ በበጋ ዝቅ እያለ የሚሰቃየው ቀላሉ ቤት ነው፤ ባለ አንድ ወለሉ ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላው፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ሰያፍ ስንጥቅ፣ የማይዘጋ በር፣ ከግድግዳው የተላቀቀ የኮሪደር ሲሚንቶ፤ በገጠር ያስተማረ መምህር ሁሉ ይህን ያውቃል። ልጆች የሚማሩበት ክፍል በተሠራ በጥቂት ክረምት እንዲህ ሲሆን ማየት ያማል፤ ማስቀረት የሚቻል ነውና ደግሞ የበለጠ ያማል።

ለዚህ ሪግ አያስፈልግም። መንገድ ሠሪዎች ዲሲፒ የሚሉት መሣሪያ አለ። 8 ኪሎ መዶሻ ከ57.5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ሾጣጣ ጫፍ ወደ መሬት ይሰዳል፤ አንዱ ይዞ፣ አንዱ መትቶ፣ አንዱ እያነበበ ሦስት ሰው ይሠራዋል፤ በአህያ ይጫናል። በዚያ ላይ የሙከራ ጉድጓድ መቆፈር ነው፤ ሰው ገብቶ የአፈሩን ቀለም፣ ስንጥቁ የሚያበቃበትን ጥልቀትና የተቀበረውን ድንጋይ በዓይኑ ያያል። ሦስተኛው ከሁሉ ይቀላል። 10 ሚሊ ሊትር የተነፋ ደረቅ አፈር 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ የመስታወት ሲሊንደር ውኃ ውስጥ ይፈስሳል፣ ለ24 ሰዓት ይቀመጣል። አፈሩ ከሲሊንደሩ ግርጌ 15 ሚሊ ሊትር ላይ ቢደርስ 50 በመቶ አብጧል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነው ቀላል ቤትን ይጎዳል ተብሎ ይጠረጠራል። መዶሻው የማይቆጥረውን ይህች ሲሊንደር ታሳያለች።

ይህን የሚሠራ ሰው ከሩቅ መምጣት የለበትም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እያስተማረ ነው፤ የምሕንድስና ክፍሉም ሴባስቶፖል በተሠራበት በጋፋት ስም ተሰይሟል። ተማሪዎቹ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወረዳዎች ብዙ ሳይርቁ ይማራሉ፤ ብዙዎቹም የዋልካ ጭቃ እየረገጡ ያደጉ ናቸው።

ምርመራው መጥፎ አፈር ካሳየ ለመሐንዲሱ ሦስት መንገድ ይቀርለታል። ዋልካውን ቆፍሮ አውጥቶ በሰሌክት ማቴሪያል (በተመረጠ የማያብጥ አፈር) መሙላትና መደልደል፤ ወይም መሠረቱን ከሚሰነጠቀው ንብርብር በታች እስከ በሰበሰው አለት ማውረድ፤ ወይም ሕንጻውን ከሜዳው አንሥቶ ወደ ጠጠራማው ጎን መውሰድ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብር ይፈልጋሉ። ሦስተኛው ከሁሉ ይረክሳል፤ ቤተ ልሔምን የሠሩትም የሚያውቁት እርሱን ነው። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ የማይቻለውም እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ቦታው በካርታ ተሸንሽኖ፣ ተፈርሞ፣ ካስማው ከተተከለ በኋላ ነው አፈሩ የሚመረመረው። ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ደግሞ ሰው ያልሰፈረበት ሜዳ ይሆናል፤ ሰው ያልሰፈረበትም ዋልካ ስለሆነ ነው። ወረዳው የቦታ ኮሚቴ ሲልክ ከቀያሹ ጋር ሲሊንደር የያዘ አንድ ልጅና የዚያን ሜዳ ክረምት የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ አብረው ቢሄዱ፣ ካርታው ከመፈረሙ በፊት ካስማው አንድ መቶ ሜትር ወደ ላይ ሊነሣ ይችላል።